ሰልጥነን መጣን፣ ያው ጠመኔ አነሳን

ጥያቄ፦ ደሴ የ11ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በቅርቡ በዲጂታል ቴክኖሎጂ ስለማስተማር የሦስት ቀን ስልጠና ወሰድን። ስላይድ መሥራት ተማርን፣ ሰርተፍኬት ተሰጠን፣ ክፍል ስገባ ግን ያው ጠመኔዬን አነሳሁ። ያለን አንድ ፕሮጀክተር ነው፣ ኔትወርኩም እንደ ቀኑ ነው። አሁን ደግሞ «ሌሎቹን የፊዚክስ መምህራን አንተ አሰልጥን» ተብያለሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ጠመኔ በማንሳትዎ ማንም አይፈርድብዎትም። ስላይድ እኮ መብራት ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ሰሌዳ ነው። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የገባውን ፕላዝማ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ትምህርቱ በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ይፈስ ነበር፣ ቁም ቢሉት አይቆምም፣ መምህሩም ጥግ ይዞ ከተማሪው እኩል ተመልካች ሆነ።

ስለዚህ ከመሣሪያው አይጀምሩ። ተማሪ ሁሌ ከሚሳሳትበት ይጀምሩ። ሁለት አምፖል በተከታታይ ሲገናኝ ብዙ ልጅ «ካረንቱ የመጀመሪያው ላይ ተበልቶ ሁለተኛው ጋ ትንሽ ይደርሳል» ይላል። መምህራኑን መጀመሪያ ግምታቸውን ወረቀት ላይ ያጽፏቸው። ከዚያ ፌት (PhET) በሚባለው ሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ አሜትሩን (የካረንት መለኪያውን) ከአምፖሉ በፊትና በኋላ ያስገቡ፤ ቁጥሩ በሁለቱም ቦታ እኩል ነው። ፌትን የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ሲሆን፣ በነፃ ነው፤ አንዴ ካወረዱት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ግምቱን ዘለው ቀጥታ ሲሙሌሽኑን ከከፈቱት ግን ልጆቹ ጌም ነው የሚያደርጉት።

ስልክም አለ። ስልኩን ፌስታል ውስጥ ከተው ከክሩ ማሰሪያ እስከ ስልኩ መሃል 1 ሜትር እንዲሆን ያንጠልጥሉት፣ በትንሹ ያወዛውዙት። 10 ምልልስ 20 ሴኮንድ አካባቢ ይፈጃል። አሁን ይጠይቁ፦ ርዝመቱን በግማሽ ባሳጥረውስ? «10 ሴኮንድ» የሚል መምህርም አይጠፋም (አይሳቁበት)፤ ሲለካ ግን 14 አካባቢ ይመጣል። ጀርመን አኸን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፋይፎክስ (phyphox) የሚባል አፕ ይህን በስልኩ ሴንሰር ይለካል። ርካሽ ስልኮች ላይ ጋይሮስኮፑ (መዞርን የሚለካው ሴንሰር) ላይኖር ስለሚችል ቀድመው ይፈትሹ፤ ከሌለ ተራው ስቶፕዎች ይበቃል።

ሦስት ቀን አያስፈልግዎትም። አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ ግን እያንዳንዱ መምህር 15 ደቂቃ ባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ያስተምር። መሃል ላይ ሆን ብለው ፕሮጀክተሩን ያጥፉበት፣ ምን እንደሚያደርግ ይዩት። አደራ፣ ረጅም ኤክስቴንሽን ይያዙ፤ የክፍል ሶኬት መቼም ከሰሌዳው በተቃራኒ ግድግዳ ነው የሚገኘው።