«ማኅበር ካቋቋምን ያባርሩናል ወይ?» ላልሽው እህታችን

እህቴ፣ የሠራተኛ ማኅበር ልታቋቁሙ አስባችሁ አለቆቹን ፈርታችኋል፤ ጥቅሙንም ጠይቀሻል። ብዙ ሰው የሚሸነፈው በፍርሃቱ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

1. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 የማኅበር አባልነትም ሆነ የሠራተኛ ተወካይነት ለስንብት ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ግን «ማኅበር ስላቋቋምሽ» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ የለም። «ያለፈቃድ ቀርታለች» ወይም «ሥራ ቀንሷል» ነው የሚባለው። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥራች የፈቃድ ወረቀቱን፣ የሐኪም ማስረጃውንና የደመወዝ ደረሰኙን ኮፒ አድርጎ ቤቱ ያስቀምጥ።

ሰው ሁሉ የሚከስርበት ደግሞ ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከተሰናበታችሁ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይዘጋል። የትርፍ ሰዓትና ሌላ ክፍያ ደግሞ 6 ወር ነው። የሰው ኃይል ኃላፊው «ታገሱ፣ በሽምግልና እንጨርሰዋለን» እያለ ሲያመላልሳችሁ ቀኑ ይቆጥራል። ሽማግሌ አትከልክሉ፤ ክሱን ግን አስገቡ። ስንብቱ በማኅበሩ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራ ይመልሳችኋል።

2. ለመሥራት 10 አባል ይበቃል። መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሪዎቹ ስም፣ አድራሻና ፊርማ፣ የማኅበሩ ስምና ዓርማ ይዛችሁ ለሥራና ክህሎት ቢሮ ታመለክታላችሁ። የምሥረታውን ቃለ ጉባኤ የተገኘው ሁሉ ይፈርምበት። ከመሥራቾቹ መካከል የሥራ መሪ (እንደ መቅጠርና ማሰናበት ያለ ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ) እንዳይገባ ተጠንቀቁ፤ አዋጁ እሱን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ አድርጎታል። «ፎርማን ሁሉ ሥራ መሪ ነው» ካሏችሁ ግን አትቀበሉ፤ የሚታየው ሥልጣኑ እንጂ የመደቡ ስም አይደለም።

3. ጥቅሙስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ማኅበር የሚሞተው፤ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ይቀመጣል። እንጀራው ያለው ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር ተደራድሮ በሚፈርመው የኅብረት ስምምነት ውስጥ ነው። አዋጁ የሚሰጠው ወለሉን ብቻ ነው፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ቀን ላይ ከሆነ የመደበኛው ሰዓት ደመወዝ 1.5፣ ሌሊት ከሆነ 1.75 እጥፍ፣ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ፣ ለወሊድ 120 ቀን። የደመወዙን የብር መጠን አይወስንም። የደመወዝ እርከን፣ የምሽት ፈረቃ ሰርቪስ፣ የሥራ ልብስ፣ የሕክምና ወጪ፣ የማኅበሩ መዋጮ ከደመወዝ መቆረጥ፣ ሁሉም በድርድር የሚገኝ ነው።

ይህ መብት በችሮታ አልመጣም። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የተመሠረተው በ1955 ዓ.ም. ነው፤ በ1966 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ መንግሥትን አስደነገጠ፤ ደርግ ደግሞ አፈረሰው። ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈው መብት ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ነው።

ለድርድር ከነረቂቁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ኮፒውን ቀን አስጽፋችሁና አስፈርማችሁ ያዙ። አሠሪው በ10 ቀን ውስጥ ለድርድር መቅረብ አለበት። ካልመጣ ወደ አስማሚ፣ ከዚያም ወደ አሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ትሄዳላችሁ። በንዴት ማሽን አታቁሙ። አድማ ሕጋዊ የሚሆነው ቢያንስ 2/3ኛ አባላት በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ ሲደገፍ፣ የ10 ቀን ማስጠንቀቂያም ሲሰጥ ነው። የስብሰባው የስም ዝርዝር ከነፊርማው ከሌለ አሠሪው ቀድሞ የሚመታችሁ በእሱ ነው።