«ጉድለት» ልበል ወይስ ሌላ ቃል አለው?

ጥያቄ፦ በእርባታ ሽሪምፕ ላይ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ስለሚያመጣው ቫይረስ የተጻፈ ጥናት እየተረጎምኩ ነው። «ዲሊሽን»ን (ከዘረመሉ አንድ ቁራጭ መጥፋቱን) «የዘረመል ጉድለት» ማለት ያስኬዳል? «7 ሪፒት»ንስ «7 ጊዜ ተደግሟል» ልበል?

መልስ፦ «ጉድለት» እዚህ ቦታ አይሆንም። በአማርኛ ጉድለት የሚባለው መኖር የሚገባው ነገር ሳይሟላ ሲቀር ነው፤ የሒሳብ ጉድለት ከተገኘ ገንዘብ ያዡ ይጠየቃል። የዚህ ቫይረስ ነገር ግን ሌላ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. ከታይላንድ የተገኘ አንድ ናሙና ጂኖሙ (ሙሉ ዘረመሉ) 312 ሺህ ቤዝ ጥንድ (የዲኤንኤ ፊደላት ጥንድ) ገደማ ሲሆን፣ ሌላው የታይላንድ ናሙና ያለው 292,967 ነው፤ ቁራጭ የጠፋው ከዚህኛው ነው። ሁለቱ በሽሪምፕ ላይ ሲፈተኑ ግማሾቹ እስኪሞቱ ድረስ ረጅሙ 14 ቀን ወሰደ፤ አጭሩ ግን 3 ቀን ተኩል ብቻ። «ጉድለት አለበት» ብለው ከጻፉ አንባቢው የሚያስበው የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ገዳዩ ደግሞ ያው «ጎደለበት» የተባለው ነው።

«ግድፈት»ም ለጊዜው ያጓጓል፤ ገደፈ መተው፣ መጣል ነውና። ዛሬ ግን የፊደል ግድፈት ስንል ስህተት ማለታችን ስለሆነ ወደዚያው ፍርድ ይመልሰናል። «የጠፋ ቁራጭ» ቢሉ ይሻላል። ግሱ ላይም ይጠንቀቁ፦ «ቁራጩ ከጂኖሙ ጠፍቷል» ይበሉ እንጂ «ጠፍቶበታል» አይበሉ። ያቺ «‑በት» ባለቤቱ እንደተጎዳ ትናገራለች፤ «ላሙ ሞተችበት» እንደምንለው ነው። አንዲት ቅጥያ የጥናቱን ውጤት ትገለብጣለች።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የበለጠ አደጋ አለው። ደገመ ማለት አንዴ የተደረገውን እንደገና ማድረግ ነው፤ «ምግብ ደገመ» ስንል ሁለተኛ ሳህን ነው። ስለዚህ «7 ጊዜ ተደግሟል» ሲባል አንዱ አንባቢ 7 ይቆጥራል፣ ሌላው ከመጀመሪያው ጋር 8። ኦአርኤፍ 94 በሚባለው የጂኖሙ ክፍል ተከታትላ የምትደረደረው ቁራጭ 54 ቤዝ ጥንድ አላት፤ ቁጥሯ የሚታወቀውም በፒሲአር (ዲኤንኤን በላቦራቶሪ በሚያባዛ ዘዴ) የተባዛውን ክፍል ርዝመት ለክቶ ለ54 በማካፈል ነው፣ ግራና ቀኝ ያለው ትርፍ መጀመሪያ ተቀንሶ። ናሙናዎችን ለማነጻጸር የሚያገለግለው ይህ ቁጥር ስለሆነ፣ በትርጉም አንድ ከተጨመረበት ከአንድ ምንጭ የተበከሉ ሁለት ኩሬዎች ከተለያየ ምንጭ የተበከሉ ይመስላሉ። «54 ቤዝ ጥንድ ያላት ቁራጭ 7 ጊዜ ትገኛለች» ብለው ይጻፉት።

«ጥንድ» የሚለውንም አይጣሉት። ቫይረሱ ባለ ሁለት ዘንግ ዲኤንኤ ስላለው 292,967 የጥንዶቹ ቁጥር ነው፤ ነጠላ ቤዝ ከተቆጠረ እጥፍ ይሆናል።