ዝቃጩ ደርቋል፣ አይሸትም፤ ጓሮዬ ላይ ልበትነው?

ጥያቄ፦ ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ አለ። የደረቀውን ዝቃጭ ለፈለገ ሁሉ በነጻ ይሰጣሉ። ጎረቤቴ በቆሎው ላይ በትኖት በቆሎው ጉድ አሰኝቷል። እኔ የምተክለው ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ነው። ዝቃጩ አፈር መስሏል፣ ሽታም የለውም። ለማንኛውም ብዬ መጀመሪያ ኮምፖስት ባደርገውስ?

መልስ፦ ለሰላጣና ለቆስጣ ከሆነ ይቅርብዎ።

በቆሎው ማማሩ አይገርምም፤ ዝቃጭ ናይትሮጂንና ፎስፎረስ አለው። ነገር ግን የጣቢያው ሥራ ውሃውን ማጽዳት ነው። ከውሃው የወጣው ታዲያ የት ሄደ? ብዙው እዚያው ዝቃጩ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ከመጸዳጃ ቤት የመጣው ብቻ ሳይሆን ከቆዳ ፋብሪካው፣ ከጋራዡ፣ ብረት በክሮም ከሚለብጠው ወርክሾፕ ወደ ቱቦው የተለቀቀውም ጭምር።

ኮምፖስት ማድረግ የሚገድለው ጀርም ነው። እሱም ክምሩ በደንብ ከጋለ። የአሜሪካው ደንብ እየተገላበጠ ለሚብላላ ክምር 55 ዲግሪ ሙቀት ለ15 ቀን፣ ቢያንስ 5 ጊዜ መገልበጥም ይጠይቃል። ጓሮ ጥግ በአካፋ የተቆለለች ክምር እዚያ መድረሷን እጠራጠራለሁ። የወስፋት እንቁላል ደግሞ እንዲህ በቀላሉ እጅ አይሰጥም፣ አፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል።

ከፋብሪካ የሚመጣው ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት ግን ቢግልም ቢደርቅም ያው ነው፣ ብረት ነዋ! እንዲያውም ዝቃጩ ሲብላላ ክብደቱ ስለሚቀንስ፣ በኪሎ ሲሰላ ብረቱ ይጨምራል። ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ካድሚየምን ከአፈር እየሳቡ ቅጠላቸው ውስጥ በማከማቸት የታወቁ ናቸው፤ አፈርዎ አሲዳማ ከሆነ ይብሳል። ሊድ (እርሳስ) የሚባለው ሌላው መርዛማ ብረት ወደ ተክሉ ብዙም አይወጣም። እሱ ወደ ሰውነት የሚገባው ካሮቱ ላይ በተጣበቀው አፈርና በልጆች እጅ በኩል ነው።

ፒፋስ የሚባሉትም አሉ። የማይጣበቅ መጥበሻና ውሃ የማያስገባ ልብስ ሲሠራ የሚገቡ፣ መበስበስ የማያውቁ ኬሚካሎች ናቸው። የአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ዝቃጭ እርሻ ላይ መበተንን በ2022 የከለከለችው በእነሱ ምክንያት ነው፤ ዝቃጭ በተበተነባቸው እርሻዎች የላም ወተትና የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ሳይቀር ተገኝተው ነበር።

ስለዚህ ጣቢያውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ የትኞቹ ፋብሪካዎች ናቸው ወደ መስመሩ የሚለቁት? የላብራቶሪ ውጤቱስ የት አለ? አሜሪካ ጥሩ ለምትለው ዝቃጭ በደረቅ ኪሎ እስከ 39 ሚሊግራም ካድሚየም ትፈቅዳለች፣ ለእኔ ለሰላጣ መደብ ይህም በዝቷል። ወረቀት ከሌላቸው ዝቃጩ እዚያው ይቅር። ካላቸውና ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ለአበባና ለጥላ ዛፍ ያድርጉት።

ጎረቤትዎ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው መሬት ላይ ካሮት ልትከል ካለም ይንገሩት። ጀርሙ ሙሉ በሙሉ ላልጠፋ ዝቃጭ ያው የአሜሪካው ደንብ ሥራ ሥር ለመሰብሰብ ቢያንስ 20 ወር ያስጠብቃል፤ ዝቃጩ 4 ወር ላይ ላዩን ሳይቆይ ከአፈር ከተቀላቀለ ደግሞ 38 ወር።