ለፋርማሲ ተማሪዎች፦ ስለ ጥንቸል ዓይንና ስለ ቄራ

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ አንዲት የፋርማሲ ተማሪ ስልኳን አውጥታ "ጥንቸል የተሳለበት ክሬም ይሻላል?" አለችኝ። የምትከታተላት ቲክቶከር እንደዚያ ብላለች። ዘንድሮ ስለ ቆዳ የሚጠየቀው ቲክቶክ ሆኗል። ለማንኛውም ምልክቱ የሚናገረው በእንስሳ ላይ አለመሞከሩን ነው። ለፊታችሁ ይስማማል አይልም። መርካቶ የምትገዙት ማንጫ ክሬም ሜርኩሪ ይኑርበት አይኑርበት በጥንቸል ሥዕል አይታወቅም።

ጥያቄዋ ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ መሃል ከተማ አንድ ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራ ነበር። የሻምፑ ናሙና ሲመጣ የምንፈትሸው በጥንቸል ዓይን ነው። ዘዴው ድሬይዝ ይባላል፤ ጆን ድሬይዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1944 ያወጣው ነው። የጥንቸሏን የታችኛውን የዓይን ቆብ ሳብ ታደርጉና 0.1 ሚሊ ሊትር ትጨምራላችሁ። ሌላው ዓይን ለማነጻጸሪያ ይተዋል። ከዚያ ከ1፣ ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓት በኋላ መቅላቱን፣ ማበጡን፣ መደብዘዙን እያያችሁ ነጥብ ትሰጣላችሁ። ጥንቸል እንደ ሰው እንባ ስለማታፈስ የገባባት ቶሎ አይታጠብላትም። እኔ ለእንስሳ የምንሰፈሰፍ ሰው አይደለሁም፤ ጥሬ ሥጋ ሲመጣ ወደኋላ አልልም። የ72 ሰዓቱን ምርመራ ለሌላ ሰው ለመግፋት ግን ሰበብ አጥቼ አላውቅም።

ጥንቸሎቹን የሚንከባከቡት ሽማግሌ ቤታቸው ቄራ ነበር። ጋሼ ነው የምንላቸው። ጠዋት ጠዋት በራሳቸው ገንዘብ ጎመን ገዝተው ይመጡላቸዋል። አንድ ቀን ፎርም ስሞላ አጠገቤ ቆሙና "የኔ ልጅ፣ የምትፈልጉት ዓይን ከሆነ እኛ ሰፈር ስንት የበሬ ዓይን ይጣላል! የታረደውን ብትሞክሩበት ምን አለ?" አሉኝ። ነገሩ ገባኝ። ለኃላፊያችን ነገርኩት። "መጽሐፉ የሚለው ጥንቸል ነው" ብሎ ሳቀ። የጠየቅሁት ዓይኑን ከቄራ የሚያመጣ መኪናና የበረዶ ሳጥን ብቻ ነበር። ለዓመት በዓል ሙክት የሚያመጣ መኪና ጠፍቶ አያውቅም እኮ!

እ.ኤ.አ. በ2009 ኦኢሲዲ፣ የኬሚካል መፈተሻ መመሪያ የሚያወጣው የአገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት፣ የታረደ ከብት ዓይን የሚጠቀም ዘዴ አጸደቀ፤ መመሪያ ቁጥር 437። ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን፣ ተቆርጦ መያዣ ላይ ይታሰራል። ናሙናው ይደረግበታል። ከዚያ ምን ያህል እንደደበዘዘና ፍሎረሰይን የሚባለው ቀለም ምን ያህል እንደሾለከበት ይለካል። ጋሼ ያሉት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳነብ እሳቸው ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የት እንዳሉ የሚነግረኝ አጣሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእርግጥ ሌላም መንገድ አለ። በላቦራቶሪ ከሰው ሴል የሚበቅል ቆዳ አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከማርች 11 ቀን 2013 ጀምሮ በእንስሳ የተሞከረ ኮስሞቲክስ እንዳይሸጥ ሲከለክል ከተማመነባቸው ዘዴዎች አንዱ ይኸው ነው። ግን ውድ ነው፤ በአውሮፕላን መጥቶ በቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይሞታል። የበሬው ዓይን እዚሁ ነው ያለው።

የእኛ ትውልድ ኃላፊ ሲስቅ አብሮ ይስቅ ነበር። እናንተ ቢያንስ ትከራከራላችሁ፤ አንዳንዴ ሳታነቡም ቢሆን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ያጣችሁ ካላችሁ የበሬውን ዓይን ሞክሩ። ዘዴው በጣም የሚጎዳውንና ጨርሶ የማይጎዳውን ይለያል፤ መሃል ያለውን ብቻውን አይወስንም፤ ይህን አትደብቁ። ዓይኑ እንደታረደ ወዲያው ይወሰድ፣ በቀዝቃዛ የጨው ውሃ ይምጣ፣ ያን ዕለት ይሠራበት። የተጫረውን ጣሉት። የከብቱ ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 5 ዓመት እንዲሆን ይፈለጋል። እዚህ ላይ ትቸገራላችሁ፤ ለእኛ ቄራ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ አርሶ አርሶ የደከመ በሬ ነውና። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን የሚነግራችሁ ሰው ግን እዚያ አይጠፋም። ለቄራው የትብብር ደብዳቤ ከማስገባታችሁ በፊት እሱን ተወዳጁ።