የዩኒቨርሲቲ ስም የት ድረስ ይሄዳል? ጥያቄና መልስ

ከተለያዩ አገሮች የሚመጡ ዲግሪዎችን መመርመር ሥራዬ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲ ዝና ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ የጥያቄ ዶፍ አወረዳችሁብኝ። የቻልኩትን መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ጥ፦ ከዓለም አንደኛው ዩኒቨርሲቲ የትኛው ነው? አንድ ስም ብቻ ጥሪ።

መ፦ በየትኛው ትምህርት? የት አገር ልትሠራበት? ይህን ካልነገርከኝ የምጠራው ስም አይጠቅምህም።

ጥ፦ አይቪ ሊግ ማለት የአሜሪካ ምርጥ ስምንት ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው አይደል?

መ፦ ስምንትነታቸው ልክ ነው። ግን አይቪ ሊግ በ1954 የተመሠረተ የስፖርት ሊግ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኮሎምቢያ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ብራውን፣ ዳርትመዝና ኮርኔል ይወዳደሩበታል። ሁሉም ያሉት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ነው። ስታንፎርድና ኤምአይቲ የሉበትም፤ እነሱን የሚንቅ ቀጣሪ ደግሞ አላየሁም። ስምንቱም ቢሆኑ በሁሉም ትምህርት እኩል አይደሉም። ለኢንጂነሪንግ ከሆነ ከአብዛኞቹ ይልቅ ኢንዲያና ያለውን ፐርዱን እመርጣለሁ። ለኮምፒውተር ሳይንስ ደግሞ ካርኔጊ ሜለንን ወይም ኧርባና-ሻምፔይን ያለውን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ። ዘመድ አዝማድ ስማቸውን ሲሰማ ላይደነቅ ይችላል፤ የሙያው ሰው ግን ያውቃቸዋል።

ጥ፦ ልጃችንን ዊልያምስ ኮሌጅ ተቀብሏታል። ግን የሚያውቀው ሰው አጣን፤ የዓለም ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ በሚያወጡት ሰንጠረዦችም ላይ የለም። ተታለልን ይሆን?

መ፦ እንኳን ደስ አላችሁ፣ አልተታለላችሁም። ዊልያምስ በ1793 የተቋቋመ፣ ወደ 2,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ብቻ ያሉት ኮሌጅ ነው። ትኩረቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ነው። የዓለም ሰንጠረዦች በዋናነት የሚቆጥሩት ምርምርን ስለሆነ እንዲህ ያሉ ኮሌጆች አይገቡባቸውም። አሜሪካ ውስጥ ግን የማስተርስና የፒኤችዲ ቅበላ የሚወስኑ ፕሮፌሰሮች በደንብ ያውቁታል። ችግር የሚመጣው ቶኪዮ ወይም ፓሪስ ሥራ ከፈለገች ነው፤ እዚያ "ምን የሚሉት ኮሌጅ ነው?" መባሏ አይቀርም። ሁለተኛ ዲግሪዋን በሰፊው በሚታወቅ ቦታ ከሠራች ግን ያም ይረሳል።

ጥ፦ አንዱ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሌላው ላይ የሚወርደው ለምንድን ነው? የቱን እንመን?

መ፦ የሚለኩት ነገር ይለያያል። በ2003 የተጀመረው የሻንጋይ ሰንጠረዥ 30 በመቶውን ነጥብ የሚሰጠው ለኖቤልና ለሒሳብ ሊቃውንት ለሚሰጠው ለፊልድስ ሽልማቶች ነው። ተሸላሚው ክፍል ገብቶ ያስተምርህ አያስተምርህ አይጠይቅም። ኪውኤስ የሚባለው ሰንጠረዥ ደግሞ 45 በመቶውን የሚያገኘው ምሁራንንና ቀጣሪዎችን "ማን ጎበዝ ነው?" ብሎ በመጠየቅ ነው። ስም ያለው ስም ይጨመርለታል ማለት ነው። የለንደኑ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ኤልኤስኢ የፊዚክስም የሕክምናም ክፍል ስለሌለው ሻንጋይ ላይ ዝቅ ይላል። የባንክ ቀጣሪ ግን ለዚህ ደንታም የለው።

አንዳንዱን ቁጥር ደግሞ የሚልከው ራሱ ዩኒቨርሲቲው ነው። በ2022 የኮሎምቢያው የሒሳብ ፕሮፌሰር ማይክል ታዴየስ የገዛ ተቋማቸው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ለሚያወጣው ለዩኤስ ኒውስ ያቀረበውን መረጃ መርምረው ልክ አይደለም አሉ። ኮሎምቢያ በዚያው ዓመት ከ2ኛ ወደ 18ኛ ወረደ። መቼም በአንድ ዓመት ውስጥ ትምህርቱ 16 ደረጃ አልተበላሸም።

ጥ፦ ፈረንሳይ ውስጥ አንደኛው ሶርቦን ነው?

መ፦ የውጭ ሰው የሚያውቀው ሶርቦንን ነው። ፈረንሳዊ ቀጣሪ ዘንድ ግን ግራንዜኮል የሚባሉት፣ ተማሪ መርጠው የሚቀበሉ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ይቀድማሉ። ኤኮል ፖሊቴክኒክና ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ሁለቱም በ1794 የተመሠረቱ ናቸው። ብዙው ተማሪ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ሁለት ዓመት ተዘጋጅቶ፣ ከባድ የውድድር ፈተና አልፎ ነው የሚገባው። ትንንሽ ስለሆኑ የዓለም ሰንጠረዦች አይመቿቸውም ነበር። መንግሥት ታዲያ ተቋማትን አንድ ላይ ማሰባሰብ ጀመረ። ከዚህ የተገኘው ፓሪ-ሳክሌ በ2020 የሻንጋይ ሰንጠረዥ ላይ 14ኛ ሆኖ ብቅ አለ። ቤተ ሙከራዎቹ ግን ያው የድሮዎቹ ናቸው።

ጥ፦ የጀርመኑ ሃርቫርድስ?

መ፦ የለም። ሙኒክና ሃይደልበርግ ስም አላቸው፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን ጠባብ ነው። ቀጣሪው ይበልጥ የሚያየው የተማርከውን ሙያና ውጤትህን ነው።

ጥ፦ የግል ዩኒቨርሲቲ ከመንግሥት ይሻላል ሲሉ እሰማለሁ።

መ፦ አሜሪካ ውስጥ ጫፍ ላይ ያሉት በአብዛኛው የግል ናቸው። ብራዚል ላይ ይገለበጣል፤ ሰው የሚጋፋው በነፃ ለሚያስተምረው ለሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። አይአይቲ የሚባሉት የህንድ የቴክኖሎጂ ተቋማትም የመንግሥት ናቸው። ጃፓን ውስጥ ቶኪዮና ኪዮቶ ይቀድማሉ፤ ከግሎቹ ዋሴዳና ኬዮ ትልቅ ስም አላቸው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ በስማቸው የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት "ስካይ" ከሚባሉት ሦስቱ ታዋቂዎች ደግሞ የሴኡል ብሔራዊ የመንግሥት ነው፤ ኮሪያና ዮንሴይ የግል።

ጥ፦ ታዋቂ ቦታ የተማረ ሰው የተሻለ ደመወዝ ያገኛል? እውነቱን ንገሪን።

መ፦ ተመራማሪዎቹ ስቴሲ ዴልና አለን ክሩገር በ2002 ያሳተሙት የአሜሪካ ጥናት ነገሩን በብልሃት ይዞታል። ታዋቂ ኮሌጅ ተቀብሏቸው ያን ያህል ስም ወደሌለው የሄዱትን ተከታተሉ። ገቢያቸው ታዋቂው ቦታ ከተማሩት እምብዛም አልተለየም። ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ለመጡት ግን ታዋቂው ኮሌጅ ለውጥ አምጥቷል። በ2023 የኢኮኖሚክስ ተመራማሪው ራጅ ቼቲና ባልደረቦቹ ደግሞ አማካይ ገቢው ብዙ ባይለወጥም፣ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው 1 በመቶ ውስጥ የመግባት ዕድል በ50 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ።

ፕሮፌሰር መሆን ለሚፈልግ ነገሩ ይከብዳል። በ2022 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ፒኤችዲያቸውን አሜሪካ ሠርተው እዚያው ከሚያስተምሩት 80 በመቶው የተመረቁት ከአንድ አምስተኛው ዩኒቨርሲቲዎች ነው። እዚህ ላይ ስም ይቆጠራል፤ አላድበሰብስም።

ጥ፦ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ወይስ ብራውን? ኢንጂነር ሆኜ ሂዩስተን መኖር ነው የምፈልገው።

መ፦ ሳላቅማማ፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም። የቀድሞ ተማሪዎቹ ጣታቸው ላይ በሚያደርጉት የዩኒቨርሲቲው ቀለበት የሚተዋወቁ ናቸው፤ ሂዩስተን ውስጥ ደግሞ ሞልተዋል። ለብራውን የምትቀርበውን ቦስተንን ብትለኝ ቆም ብዬ አስብ ነበር።

ጥ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ኦክስፎርድ ወይስ ካምብሪጅ?

መ፦ ሒሳብ ከሆነ ካምብሪጅ። ፍልስፍና፣ ፖለቲካና ኢኮኖሚክስ አንድ ላይ መማር ከሆነ ኦክስፎርድ። ብቻ ለመጀመሪያ ዲግሪ በአንድ ዓመት ለሁለቱም ማመልከት ስለማይፈቀድ፣ ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት ወስን።