ሰራኩስ «ቅኝ ተገዛች» ወይስ «ተቆረቆረች»?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። ለተማሪዎች የሚሆን አጭር የጥንት ግሪክ ታሪክ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹ቆሮንቶስ ሰራኩስን ቅኝ ገዛች፤ የቴራ ሰዎችም ቀሬናን ቅኝ ግዛታቸው አደረጉ› ብዬ ጻፍኩ። ረቂቁን ያየችልኝ ባልደረባዬ ‹ቅኝ ግዛት የእነ እንግሊዝና ጣልያን ነገር ነው፤ ሰፈራ በለው› አለችኝ። እኔን ደግሞ ሰፈራ ሲባል የደርግ ዘመን ነው ትዝ የሚለኝ። የቱ ይሻላል? ሰዎቹንስ ምን ልበላቸው? ግሪክ፣ ጽርእ ወይስ ዮናናውያን?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባልደረባዎ ቅኝ ግዛትን መጠርጠሯ ልክ ነው። እርስዎም ሰፈራን መፍራትዎ ልክ ነው። ሁለቱንም ትተን ሌላ ቃል እንፈልጋለን። ቃሉ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ የምንሰማው ነው።

በመጀመሪያ ቅኝን እንየው። ግእዙ «ቀነየ» ገዛ፣ አስገበረ፣ ሥራ አሠራ ማለት ነው። ቅኔም የተወለደው ከዚሁ ቤት ነው። ስለዚህ «ቅኝ ግዛት» ሲባል አንባቢ ጆሮ ላይ የሚያቃጭለው መግዛትና መገዛት ነው። ባሕር ማዶ የተቀመጠ መንግሥት፣ የሚልከው ሹም፣ የሚሰበስበው ግብር፣ የሚያዘው ጦር። ለ19ኛውና ለ20ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ይህ ልክክ ይላል። ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዘመን ያደረጉት ግን በአብዛኛው እንዲህ አልነበረም። እነሱ ራሳቸው የሚጠቀሙበት ቃል «አፖይኪያ» ነው። ከቤት ርቆ የተመሠረተ ቤት እንደማለት። በቃሉ ውስጥ መግዛት የሚባል ነገር የለም።

ነገሩ በአንድ ምሳሌ ይገለጥልናል። እርስዎ የጠቀሷትን ቀሬናን ልውሰድ። የዛሬዋ ሊቢያ ውስጥ ናት። መስቀሉን ያሸከሙት ስምዖን የዚያች ከተማ ሰው ስለነበር ስሟ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቀሬናን የመሠረቱት ከቴራ ደሴት፣ ዛሬ ሳንቶሪኒ ከምትባለው፣ የሄዱ ሰዎች ናቸው። ጊዜውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 630 ገደማ ነው። የጥንቱ ግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው ቴራ ላይ ሰባት ዓመት ዝናብ ጠፋ። ከአንዲት ዛፍ በስተቀር ዛፉ ሁሉ ደረቀ። ዴልፊ በሚባለው የግሪኮች ቤተ ጣዖት ያለችው ጠንቋይ ቀድሞውኑ «ሊቢያ ሄዳችሁ ከተማ መሥርቱ» ብላቸው ነበር፤ እነሱ ግን ሊቢያ የት እንዳለች እንኳ አያውቁም። ድርቁ ሲብስ ከየቤቱ፣ ከሁለት ወንድማማቾች አንዱ በዕጣ እንዲሄድ ተወሰነ። መሪያቸው ባቶስ ይባላል። ሃምሳ ሃምሳ መቅዘፊያ ባላቸው ሁለት መርከቦች ተጫኑ።

ሄዱ፣ ቸገራቸው፣ ተመለሱ። ወደብ ሲደርሱ ግን የገዛ አገራቸው ሰዎች ከባሕር ዳር ሆነው ወረወሩባቸው። «አትወርዱም፤ ተመለሱ» ተባሉ። ወንድም ወንድሙን ነው እንግዲህ የሚያባርረው። ተመልሰው ሊቢያ አጠገብ ባለች ትንሽ ደሴት ላይ ሁለት ዓመት ቆዩ። ከዚያ ወደ የብሱ ተሻግረው ስድስት ዓመት ኖሩ። በመጨረሻ የአገሩ ሰዎች፣ ሊቢያውያኑ፣ «ከዚህ የተሻለ ቦታ እናሳያችሁ» ብለው መሯቸው። ምንጭ ካለበት ቦታ አድርሰው «እዚህ ሰማዩ ቀዳዳ ነው» አሏቸው። ዝናብ አይጠፋም ማለታቸው ነው። አንዲት ብልሃት ግን ተጠቅመዋል፤ ከሁሉ የሚያምረውን ቦታ ግሪኮቹ እንዳያዩት በሌሊት ነው ያሳለፏቸው።

ቀሬና ውስጥ የተገኘ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ4ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ጽሑፍም አለ። መሥራቾቹ ማሉት የተባለውን ቃል ይዟል። አልሄድም ያለ በሞት ይቀጣል፤ ንብረቱም ይወረሳል። አምስት ዓመት ታግለው ካቃታቸው ግን ወደ ቴራ መመለስ ይችላሉ፤ መሬታቸውም ይጠብቃቸዋል። ሲምሉ የሰም ምስል ሠርተው አቃጠሉ፤ መሐላውን ያፈረሰ እንደዚህ ይቅለጥ ለማለት። ድንጋዩ የተጻፈው ከነገሩ በጣም ዘግይቶ ስለሆነ ቃሉ በሙሉ የጥንቱ ነው ወይ የሚለው ሊቃውንትን ያከራክራል። የሄሮዶቱስ ትረካም የአፈ ታሪክ ሽታ አያጣውም። ለእኛ ጥያቄ ግን ከበቂ በላይ ነው።

አሁን «ቴራ ቀሬናን ቅኝ ገዛች» የሚለውን ዓረፍተ ነገርዎን መልሰው ያንብቡት። ገዢው ማን ነው? በድርቅ የተራበችው ደሴት? ቴራ ቀሬናን አንድ ቀን አልገዛችም። የባቶስ ዘሮች ናቸው ለስምንት ትውልድ የነገሡባት። ባልደረባዎም ይህን ነው ያሸተተችው።

የቆሮንቶስ ነገር ደግሞ ይብስ። ቆሮንቶስ በምዕራብ በኩል ሲሲሊ ላይ ሰራኩስን፣ ዛሬ ኮርፉ በምትባለው ደሴት ላይ ደግሞ ኮርኪራን መሠረተች። ሁለቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት 730ዎቹ አካባቢ ነው። መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ ኮርኪራ ከእናቷ ከቆሮንቶስ ጋር በመርከብ ተዋጋች። ሌላው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ቱኪዲደስ ከሚያውቃቸው የባሕር ውጊያዎች ሁሉ ጥንታዊው ያ ነው ይላል። ኋላ ደግሞ ጠቡ ሲያገረሽ የኮርኪራ መልክተኞች አቴና ሄደው ተከራከሩ። የክርክራቸው ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ወጥተን የሄድነው ከቀሩት እኩል ለመሆን ነው እንጂ ለእነሱ ባሪያ ለመሆን አይደለም። በቅኝ ግዛት ቋንቋ ይህ «የነጻነት ትግል» ይባል ነበር። ነገር ግን ነጻ የሚወጡበት ገዢ አልነበረባቸውም።

ቅኝ ግዛትን ከጣልን ሰፈራ ይቀረናል። ቃሉ በራሱ ጥሩ ነበር። ሰፈረ ማለት አረፈ፣ ድንኳን ተከለ፣ ተቀመጠ ነው፤ እህል ለካ ማለትም ነው፣ እሱን ለጊዜው እንተወው። የአዲስ አበባ ሰፈሮችም ብዙዎቹ መኳንንቱና ጭፍራው ከሰፈሩበት ነው ስማቸውን ያገኙት። ሆኖም ከ1977 ዓ.ም. በኋላ «ሰፈራ» የሚለው ስም ሌላ ጓዝ ተሸክሟል። መንግሥት ከሰሜን አንሥቶ ወደ ምዕራብ ያጋዘው ሕዝብ ነው ፊታችን ላይ የሚደቀነው። የቀሬና ታሪክ ውስጥ ድርቅና ግዳጅ ስላለ ትንሽ ይመሳሰላል ቢሉኝ አልከራከርም። ለሌሎቹ ከተሞች ግን አይሆንም። ስለዚህ «ሰፈራ» የሚለውን ስም ትቼ «ሰፈሩ»ን እና «ሰፋሪዎች»ን እጠቀማለሁ። እነዚህ ያን ያህል አልቆሸሹም።

ከተማዋን ራሷን ለመናገር ደግሞ ቀደም ብዬ ቃል የገባሁልዎ ቃል ይኸውና፦ ቆረቆረ። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን ቆረቆሩ እንላለን። የሆነ ቦታ ላይ፣ በሆነ ሰው መሪነት፣ አዲስ ከተማ መጣል ማለት ነው። ግሪኮቹም በትክክል ይህን ነበር የሚያደርጉት። እያንዳንዱ ጉዞ «ኦይኪስቴስ» የሚባል መሪ ነበረው። ቦታ የሚመርጠው፣ መሬት የሚያከፋፍለው፣ ለአማልክት ቦታ የሚለየው እሱ ነው። ሲሞትም ከተማዋ ውስጥ ቀብረው እንደ ጀግና ያከብሩት ነበር። ይህ ሰው በአማርኛ ቆርቋሪ ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ከየትም አይመጣም። ሰዎቹ የወጡባትን ከተማ ግሪኮቹ «ሜትሮፖሊስ» ይሏታል፤ በቀጥታ እናት ከተማ ማለት ነው። ይህን እንዳለ ይውሰዱት።

አንድ ነገር ግን አደራ። «ቆረቆሩ» ደስ የሚል ቃል ስለሆነ ባዶ መሬት ላይ የተደረገ ያስመስላል። አልነበረም። ቱኪዲደስ ስለ ሰራኩስ ሲጽፍ የቆሮንቶሱ አርኪያስ መጀመሪያ ያደረገው ሲኬል የሚባሉትን የአገሩን ሰዎች ከተማዋ ከተጀመረችባት ትንሽ ደሴት፣ ከኦርቲጊያ፣ ማባረር ነው ይላል። ሰራኩስ ውስጥ የመሬት ባለቤቶቹን የሚያገለግሉ ኪሊሪዮይ የተባሉ ገባሮችም ነበሩ። ሲሲሊ ውስጥ ሌላዋን ሜጋራን የቆረቆሩት ግን መሬቱን ከሲኬል ንጉሥ ፈቃድ አግኝተው ነው። ቀሬና ደግሞ መጀመሪያ በእንግድነት ተቀባይነት አግኝታ፣ ኋላ ሰፋሪው ሲበዛ የሊቢያውያኑን መሬት ነጠቀች። ሊቢያውያኑ ለግብጹ ፈርዖን አቤት አሉ። የግብጽ ጦር መጣና ተሸነፈ። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት 570 ገደማ ነው።

ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ሁለቱንም ይያዝ። «የቆሮንቶስ ሰዎች በአርኪያስ መሪነት ሲኬሎችን ከኦርቲጊያ ደሴት አባርረው ሰራኩስን ቆረቆሩ።» «የቴራ ሰፋሪዎች ሊቢያ ውስጥ ቀሬናን ቆረቆሩ፤ ኋላም የሊቢያውያኑን መሬት ነጠቁ።» ማባረርና መንጠቅ ሲኖር በግሱ ይነገር። «ቅኝ» የሚለው ቃል ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከቶ ማን ምን እንዳደረገ ይደብቃል።

ረቂቅዎ ላይ ሌላም የጎረበጠኝ ሐረግ አለ ብዬ እገምታለሁ፤ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ሁሉ ላይ አለና። «የግሪክን ሥልጣኔ አስፋፉ» የሚለው። ካለ ያውጡት። ነገሩ የአንድ ወገን መስጠት ብቻ አልነበረም። ያው ሄሮዶቱስ አራት ፈረስ በሠረገላ መጥመድን ግሪኮች የተማሩት ከሊቢያውያን ነው ይላል። የቀሬና ሴቶች እንደ አካባቢው ሰው የላም ሥጋ አይበሉም ነበር። ባቶስ የሚለውን ስም እንኳ ሄሮዶቱስ በሊቢያ ቋንቋ ንጉሥ ማለት ነው ብሎ ይፈታዋል።

የፊደልንም ጉዞ ይመልከቱ። ጣልያን ውስጥ ኔፕልስ አጠገብ ኢስኪያ የምትባል ደሴት አለች። ጥንት ፒቴኩሳይ ትባል ነበር። ከኤውቦያ ደሴት የመጡ ግሪኮች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን ሰፈሩባት፤ ከፊንቄ ሰዎች ጋርም አብረው ይነግዱ ነበር። እዚያ ከአንድ መቃብር ውስጥ የሸክላ ዋንጫ ተገኝቷል። ጎኑ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ሦስት መስመር ግጥም ተጭሮበታል። ከዚህ ዋንጫ የጠጣን የፍቅር አምላካቸው አፍሮዲጤ የምታሳድረው ፍቅር ወዲያው ይይዘዋል ይላል። የመጠጥ ቤት ቀልድ ነው። ከጥንታዊዎቹ የግሪክ ጽሑፎች አንዱ ሆኖ የቀረልን ግን እሱ ነው። ፊደሉን ግሪኮች ያገኙት ከፊንቄዎች ነው። አልፋና ቤታ ከኛው አልፍና ቤት ጋር የሚዛመዱትም በዚሁ በሴማውያን በኩል ነው። ከእነዚህ ሰፋሪዎች ደግሞ የጣልያን ጥንታዊ ሕዝብ የሆኑት ኤትሩስካውያን ወሰዱት፤ ከኤትሩስካውያን ሮማውያን። ዛሬ የላቲን ፊደል የምንለው በዚህ መንገድ የመጣ ነው። እንግዲህ «ማን ለማን አስፋፋ?» ቢባል መልሱ ረጅም ነው።

ሁለት አጫጭር ማስታወሻዎች ልጨምር። ግሪኮቹ «ኤምፖሪዮን» የሚሉት ሌላ ነው፤ የንግድ ጣቢያ ይበሉት። አቴናውያን ኋላ በያዙት መሬት ላይ ዜግነታቸውን እንደያዙ የሚያሰፍሯቸው ሰዎችም ነበሩ። ለአቴና የሚታዘዙ፣ በአካባቢውም ላይ እንደ ዘብ የሚቀመጡ ናቸው። እዚህ ላይ «ቅኝ» ብለው ቢጽፉ አልቆጣም። የሮማውያኑ «ኮሎኒያ» ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው፤ ከእርሻ ግስ የወጣ ቃል ሲሆን የአውሮፓ ቋንቋዎች ለሁሉም ነገር የሚጠቀሙበት እሱን ነው። ግራ መጋባቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ሰዎቹን ምን ልበላቸው ላሉኝ። ራሳቸውን የሚጠሩት ሄሌናውያን ብለው ነው። ሌላው ሕዝብ ግን መጀመሪያ ባገኛቸው ስም ነው የጠራቸው። በምሥራቅ በኩል ሕዝቡ ያገኘው በትንሿ እስያ ዳርቻ የሚኖሩትን ኢዮናውያንን ነበር። ፋርሶች ያውና፣ ዕብራውያን ያዋን፣ ዐረቦች ዩናን ያሉት ከዚያ ነው። የኛ ዮናናውያንም የዚሁ ዘመድ ነው። በምዕራብ ደግሞ ሮማውያን ደቡብ ጣልያን የሰፈሩትን ግራይኪ አሏቸው፤ አካባቢውንም ታላቋ ግሪክ። ግሪክ የሚለው የኛ ቃል የዚያ ወገን ነው። ሁለቱም ስሞች እንግዲህ ከሰፋሪዎቹ ጋር ተያይዘው የመጡ ናቸው።

ለተማሪ መጽሐፍ «ግሪክ» በቂ ነው። «ዮናናውያን» ካሉ ተማሪው ኢዮናውያን ከሚባለው አንዱ ነገድ ጋር ይደባለቅበታል። «ጽርእ»ን ደግሞ ለቋንቋው፣ ይልቁንም ለቤተ ክርስቲያንና ለአክሱም ጉዳይ ያስቀምጡት። የኢዛና ጽሑፍ በጽርእ፣ የአክሱም ሳንቲም በጽርእ ማለት ያምራል። የአክሱምን ምዕራፍ ሲደርሱም እነዚያን ጽሑፎች አይተው አዱሊስን ከግሪክ ሰፋሪ ከተሞች ካርታ ውስጥ እንዳያስገቧት። ጽርእ ወደ አክሱም የመጣው በንግድ፣ ኋላም በቤተ ክርስቲያን ነው፤ የመጣ ቆርቋሪ የለም። ጥቁር ባሕር ዳር ያለችውን ትራፔዙስን ግን አይርሷት፤ የዛሬዋ ትራብዞን ናት፣ ሲኖፔ የምትባለው ሌላዋ የግሪክ ከተማ ሰዎች የቆረቆሯት። ስሟ የመጣው ቤትዎ ውስጥ ካለው ጠረጴዛ ጋር ከአንድ ቃል ነው።