የሠንጠረዦችን ዝርዝር ከራሱ ከዳታቤዙ መጠየቅ

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ በሚገኝ ሰፈር በተቋቋመ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። የአባላቱን ቁጠባና ብድር የምንመዘግብበትን ፕሮግራም የሠራልን ባለሙያ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ስለ አሠራሩ የሚያስረዳ አንዲት ወረቀት እንኳ አልተወልንም። ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል መሆኑን አውቃለሁ፤ የይለፍ ቃሉም አለኝ። የሠንጠረዡን ስም ከነገሩኝ «ሴሌክት» ብዬ መረጃ ማውጣት አያቅተኝም፤ ችግሬ ስሙን አለማወቄ ነው። በውስጡ ስንት ሠንጠረዥ፣ በየሠንጠረዡስ ምን ምን ዓምድ እንዳለ የማውቀው እንዴት ነው? ኦዲተር ሊመጣብን ስለሆነ የክፍያው መዝገብ የት እንዳለ በቶሎ ማግኘት እፈልጋለሁ።
የቱሉ ዲምቱ አንባቢ

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ የሚፈልጉት ዝርዝር እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ዳታቤዝ የማኅበርዎን አባላት በሠንጠረዥ እንደሚመዘግብ ሁሉ የራሱን ሠንጠረዦችና ዓምዶችም በሠንጠረዥ ይመዘግባል። መረጃን በሠንጠረዦች የሚይዘውን የሪሌሽናል ዳታቤዝ ሐሳብ በፈረንጆቹ 1970 ያቀረበው ኤድጋር ኮድ፣ በ1985 ባወጣቸው ደንቦች በአራተኛው ላይ፣ ይህ የውስጥ መዝገብ ሌላው መረጃ በሚጠየቅበት በዚያው ቋንቋ ሊጠየቅ እንደሚገባ ደንግጓል። ስለዚህ እርስዎ የሚያውቁት «ሴሌክት» ለዚህም ይበቃል።

አጭሩን መንገድ እናስቀድም። ወደ ዳታቤዙ ገብተው «ሾው ቴብልስ» ቢሉት የሠንጠረዦቹን ስም ይዘረዝርልዎታል፤ «ዲስክራይብ» ብለው የአንዱን ሠንጠረዥ ስም ቢያስከትሉ ደግሞ ዓምዶቹን፣ የእያንዳንዱን የመረጃ ዓይነት፣ ባዶ መቅረት ይፈቀድለት እንደሆነና ቁልፍ መሆን አለመሆኑን ያሳይዎታል። ትእዛዞቹን እዚህ በፊደላችን ብንጽፋቸውም በኮምፒውተሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል መሆኑን፣ መለያያውም የእኛ ነጠላ ሰረዝ ሳይሆን የላቲኑ ኮማ መሆኑን አይዘንጉ።

ሠንጠረዦቹ ሃያና ሠላሳ ከደረሱ ግን በ«ዲስክራይብ» አንድ በአንድ መጠየቅ ያደክማል። ያን ጊዜ የሚሄዱት «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ወደሚባለው ስፍራ ነው። ይህ «ሴሌክት»ን የመሳሰሉት ትእዛዞች በሚጻፉበት በኤስኪውኤል ቋንቋ መስፈርት፣ በፈረንጆቹ 1992 በወጣው፣ የተካተተና ማይኤስኪውኤልም ከእትም 5.0 ጀምሮ የያዘው የውስጥ መዝገብ ሲሆን፣ ከሚገኙበት ሠንጠረዦች ለእርስዎ የሚጠቅሙት «ቴብልስ» እና «ኮለምንስ» ናቸው። መላውን ዝርዝር በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ጥያቄ ይህ ነው፦

ሴሌክት ቴብል_ኔም፣ ኮለምን_ኔም፣ ዳታ_ታይፕ
ፍሮም ኢንፎርሜሽን_ስኪማ.ኮለምንስ
ዌር ቴብል_ስኪማ = ዳታቤዝ()
ኦርደር ባይ ቴብል_ኔም፣ ኦርዲናል_ፖዚሽን

ሦስተኛው መስመር ውጤቱን እርስዎ በገቡበት ዳታቤዝ ይወስነዋል፤ እሱን ከተዉት የማይኤስኪውኤል የራሱ የአስተዳደር ሠንጠረዦች ጭምር እየተግተለተሉ ይመጡና የእርስዎ በመካከላቸው ይጠፋሉ። «ኦርዲናል_ፖዚሽን» ዓምዶቹን ሠንጠረዡ ላይ በተቀመጡበት ተራ ያሰልፋቸዋል።

የክፍያውን መዝገብ ለማግኘት ይህንኑ ጥያቄ ማጥበብ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ እዚህ ላይ የእኛን አገር ፕሮግራሞች ሁሉ የሚያውክ ነገር አለ። ባለሙያዎቻችን የዓምድ ስም ሲያወጡ የአማርኛውን ቃል በላቲን ፊደል የሚጽፉት እንደየመሰላቸው ነውና «ክፍያ» አንዱ ሠንጠረዥ ላይ በ«ዋይ»፣ ሌላው ላይ ያለ «ዋይ»፣ ሦስተኛው ላይ ከነአካቴው ያለ አናባቢ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ሙሉውን ቃል አይፈልጉ፤ ከሦስተኛው መስመር ቀጥለው «ኤንድ ኮለምን_ኔም ላይክ» ብለው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ፐርሰንት፣ ኬ፣ ፐርሰንት፣ ኤፍ፣ ፐርሰንት ቢጽፉ፣ የፐርሰንት ምልክቱ «እዚህ ማንኛውም ፊደል ቢኖር ባይኖርም» ማለት ስለሆነ፣ ተነባቢዎቹን በተራቸው የያዘው ስም ሁሉ ይመጣል። «ክፍለ ከተማ» የሚለው ዓምድም አብሮ መምጣቱ አይቀርም፤ ያንን በዓይን መለየት ቀላል ነው። ባለሙያው ስሙን በእንግሊዝኛ አውጥቶትም ሊሆን ስለሚችል «ፔይመንት» እና «አማውንት» ብለውም ይሞክሩ።

ጥያቄዎቹ የሚያነቡ እንጂ የሚለውጡ አይደሉምና መዝገብ አበላሻለሁ ብለው አይስጉ። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ማይኤስኪውኤል በዚህ ዝርዝር ውስጥ የሚያሳይዎ የገቡበት የተጠቃሚ ስም መብት ያለውን ሠንጠረዥ ብቻ መሆኑን ነው። የገቡት ጠባብ ፈቃድ በተሰጠው ስም ከሆነ ዝርዝሩ ጎዶሎ ሆኖ ሳለ የተሟላ ይመስላል፤ ስለዚህ ለኦዲተሩ «ሠንጠረዦቻችን እነዚህ ብቻ ናቸው» ከማለትዎ በፊት በአስተዳዳሪው ስም ገብተው አንድ ጊዜ ያረጋግጡ። «ቴብልስ» ውስጥ «ቴብል_ሮውስ» የሚባል የመዝገብ ብዛት የሚያሳይ ዓምድም ያገኛሉ፤ ኢኖዲቢ በተባለው አሠራር የተያዙ ሠንጠረዦች ላይ ይህ ቁጥር ግምት ነውና ለኦዲት አያቅርቡት፤ ትክክለኛው ብዛት የሚገኘው በ«ካውንት» ነው።

ማኅበራችሁ ወደፊት ዳታቤዝ ቢቀይር ፖስትግሬስና ኤስኪውኤል ሰርቨርም «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» አላቸው። ኦራክል «ዩዘር_ቴብልስ» እና «ዩዘር_ታብ_ኮለምንስ» ይላቸዋል፤ ኤስኪውላይት ደግሞ «ኤስኪውላይት_ማስተር» በሚባል አንድ ሠንጠረዥ ይይዘዋል።

በመጨረሻም ክፍያው የተፈጸመበትን ቀን የያዘውን ዓምድ ሲያገኙ «ዳታ_ታይፕ» ምን እንደሚል ይመልከቱ። «ዴት» ካለ የተመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው፤ ማይኤስኪውኤል በዚህ ዓይነት ዓምድ ውስጥ አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይቀበል ጳጉሜን የምትገባበት የላትም፤ ጥቅምት 30ም ሁለተኛ ወር ተብሎ ሲጻፍ ጥቅምት ሳይሆን ፌብሩዋሪ 30 ስለሚሆንበት አይቀበለውም። «ቫርቻር» ካለ ግን ቀኑ እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀምጧል ማለት ነውና በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ቀንና ወር ከዓመቱ ቀድመው ከተጻፉም በ«ኦርደር ባይ» ቢያሰልፉት ቅደም ተከተሉ ይዛባል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ቀኑን በእርግጠኝነት የሚያውቁትን አንድ የወረቀት ደረሰኝ ከመዝገብ ቤት አውጥተው በደረሰኝ ቁጥሩ ይፈልጉትና ዳታቤዙ ከያዘው ቀን ጋር ያመሳክሩት።